የጋራንግን ጦር የሰነጠቀው ጎሳ ብቻ ነበርን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደብረ ማርቆስ የታሪክ ወዳጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ፣ ስለ ሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር አነሣሥና መከፋፈል የሚያወሳ ጽሑፍ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብሁት። የጸሐፊው ብዕር የሚፈስ ነው፤ የጎረቤቶቻችንን ታሪክ ችላ ብለን ኖረናል ማለታቸውም እውነት ነው። ሆኖም ዋና ዋና መከራከሪያዎቻቸው ከታወቀው የታሪክ ሂደት ጋር የማይገጥሙ ሆነው ስላገኘኋቸው ይህን ምላሽ ጽፌአለሁ።

ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ጦሩን የፈጠረው ደርግ ነው፤ የፈጠረውም በደቡብ ሱዳን ይቆፈር የነበረውን የጆንግሌይን ቦይ አስቁሞ በአባይ ውኃ ጉዳይ ግብፅን ለመጉዳት ነው። ጦሩ በ1991 ለሁለት የተከፈለው ዲንካና ኑዌር የተባሉት የደቡብ ሱዳን ጎሳዎች ከጥንት ስለማይዋደዱ ነው። የጦሩ መሪ ጆን ጋራንግ ስለ ሱዳን አንድነት የተናገሩት ሁሉ ማስመሰያ ነበር። በ2005 ሰላም ሲወርድ የውስጥ ጠቡ አብቅቶ ስለነበር በ2013 በደቡብ ሱዳን የፈነዳው ጦርነት ከጫካው ዘመን ጋር አይያያዝም። ከዚህ ሁሉ ተነሥተው፣ የትጥቅ ትግል የሚሠምረው ሥልጣን በአንድ እጅ ሲጠቃለል ነው፣ የጋራንግም ጥፋት እጃቸውን ፈጥነው አለማጥበቃቸው ነው ብለው ይደመድማሉ። «የሩቁን ያነሡት ለቅርቡ ብለው ነው» የሚሉ አንባቢዎች አሉ፤ እኔ ግን በሱዳኑ ጉዳይ ላይ ብቻ እቆያለሁ። የሱዳኑን ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ «ዓ.ም.» የሚለውን እጨምራለሁ።

ደርግ ለዚህ ጦር ያደረገው እርዳታ የሚካድ አይደለም። በኢታንግ፣ በፒኙዶና በዲማ የስደተኛ ሰፈሮች የተጠለለው የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ለጦሩ የምልምልና የቀለብ ምንጭ ነበር፤ ብዙዎቹ ተዋጊዎች የሠለጠኑት በጋምቤላ ምድር ነው፤ ራዲዮናቸውም የሚናገረው ከኢትዮጵያ ነበር። በዚያ ወቅት ወደ ጋምቤላ ተመድበው የነበሩ የጎጃም ተወላጆች ዛሬም ድርጅቱን የሚጠሩት በስሙ ሳይሆን «የጋራንግ ጦር» እያሉ ነው፤ ታጣቂው በአካባቢው እንደ ባለአገር ይዘዋወር እንደነበረና ነዋሪውን እንዳስመረረም ያወሳሉ። ካርቱም ለኤርትራና ለሌሎችም አማፂዎች በሯን ከፍታ ስለነበር አዲስ አበባ ብድሯን መለሰች። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም። ይሁን እንጂ እሳቱ የተጫረው ሱዳን ውስጥ፣ በሱዳን መንግሥት እጅ ነው።

የመጀመሪያውን የአሥራ ሰባት ዓመት ጦርነት በ1972 የዘጋው፣ በንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ አሸማጋይነት የተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት ነበር። በስምምነቱ ደቡብ ሱዳን በጁባ የራሱን የክልል መንግሥት አገኘ፤ አኛኛ የተባሉት የደቡቡ ታጋዮችም ወደ ሱዳን ጦር ተቀላቀሉ። ስምምነቱን ፈርመው ጀግና የተባሉት ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ ራሳቸው ቀስ በቀስ ሸረሸሩት። በ1978 በቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ ሲገኝ የካርቱም ሹማምንት የክልሉን ወሰን ቀይረው የነዳጁን ሥፍራ ወደ ሰሜን ለመጠቅለል ሞከሩ። በሰኔ 1983 ኒሜሪ ደቡቡን በአንድ አዋጅ ለሦስት ከፋፈሉት፤ በመስከረም ደግሞ የሸሪዓን ሕግ በአገሩ ሁሉ ላይ ደነገጉ። ከእነዚህ ሁለት አዋጆች አስቀድሞ፣ ግንቦት 16 ቀን 1983 ቦር ከተማ የሰፈረው 105ኛ ሻለቃ፣ በደመወዝ ጉዳይና ወደ ሰሜን ተዛወር በመባሉ ቅር ተሰኝቶ ነበርና፣ ሊያስገድደው ከመጣው የመንግሥት ጦር ጋር ተታኮሰ። ሻለቃውን ያዝዙ የነበሩት ኬሩቢኖ ኩዋኝን ቦል ናቸው፤ ጸሐፊው ጋራንግ ናቸው ማለታቸው ስሕተት ነው። ጋራንግ ያን ጊዜ በሱዳን ጦር ውስጥ ኮሎኔል ሲሆኑ በፈቃድ ስም ቦር ተገኝተው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዊልያም ኒዮን ባኒ በአዮድ ያለውን ጦር ይዘው ሸፈቱ። እነዚህ ወታደሮች ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገሩ በድንበሩ ላይ አኛኛ ሁለት የሚባሉ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሸፈቱ ሰዎች ቀድመዋቸው ነበር። ደርግ የተቀበለው እንግዲህ አስቀድሞ የተነሣን አመፅ ነው።

የጆንግሌይ ጉዳይ ለጎጃም አንባቢ ጆሮ የሚጣፍጥ ስለሆነ ጸሐፊው ሳያመዛዝኑ የተቀበሉት ይመስለኛል። ቦዩ ሊያሳልፍ የታሰበው የነጭ አባይን ውኃ ነው፤ በሱድ ረግረግ ውስጥ ተንጣልሎ የሚተነውን ውኃ በአቋራጭ ወደ ሰሜን ለማውረድ የተወጠነ እንጂ ከሰከላ ከሚመነጨው አባያችን ጋር የሚነካካ አልነበረም። የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ቦዩን መቃወም የጀመረውም በጥቅምት 1974 ሲሆን፣ የግብፅ ገበሬዎች ሊሰፍሩበት ነው የሚል ወሬ ተሰምቶ በጁባ ብጥብጥ ተነሥቶ ነበር። ደርግ ንጉሡን ያወረደው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነውና፣ ገና የአንድ ወር ዕድሜ የነበረው መንግሥት የጁባን አደባባይ አነሣሣ ካልተባለ በቀር የጸሐፊው ስሌት አይሠራም። ጋራንግ ራሳቸው አሜሪካን አገር በአዮዋ የዶክትሬት ጥናታቸውን በ1981 ያቀረቡት በዚሁ በጆንግሌይ አካባቢ ልማት ላይ ነው። ከታሰበው 360 ኪሎ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከተቆፈረ በኋላ ጦሩ ጥቃት ከፍቶ ሥራውን አስቆመ፤ ግዙፉ መቆፈሪያ መኪናም እዚያው ዝጎ ቀረ። ደርግ በዚህ ደስ ብሎት ይሆናል። ከዚያ ያለፈ ግን ማስረጃ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ ይመስክር። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው በበላያ በኩል መጥተው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። መሣሪያውና ገንዘቡ ከእንግሊዝ የመጣ ነበር። ይህን ይዞ፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት በዱር በገደሉ ሲዋጋ የነበረውን የጎጃም አርበኛ የእንግሊዝ ፍጥረት ነው የሚል ሰው ቢነሣ ጸሐፊው ዝም ብለው የሚሰሙት አይመስለኝም።

ደርግ በእርግጥ የወሰነው ነገር ምንነት ቢጠየቅ መልሱ የጦሩ መሪ ማንነትና የመጀመሪያው ሰነዱ ነው፤ ጸሐፊው ሊያነሡት ሲገባ ያለፉትም ይህንን ነው። በ1983 ክረምት በጋምቤላ ድንበር ላይ ማን ይምራ፣ ለምንስ እንዋጋ የሚለው ጥያቄ ከባድ ክርክር አስነሥቶ ነበር። አኩዎት አቴምና ሳሙኤል ጋይ ቱት የመሳሰሉት ቀደምት ፖለቲከኞች ደቡቡ ራሱን ችሎ እንዲወጣ ይፈልጉ ነበር፤ ጋራንግና የመኮንኖቹ ወገን ደግሞ መላውን ሱዳን ስለመለወጥ ይናገሩ ነበር። በኤርትራ ከመገንጠል ጋር የሚዋጋው ደርግ በጋምቤላ በኩል ተገንጣይ ሊያስታጥቅ አይችልም ነበርና ድጋፉን ለጋራንግ ሰጠ፤ በሐምሌ 1983 የወጣው መግለጫም መገንጠልን የሚያወግዝ፣ ቋንቋውም አዲስ አበባን ደስ የሚያሰኝ ሆነ። ክርክሩ በጉባኤ ሳይሆን በጥይት ተፈጸመ፤ ሳሙኤል ጋይ ቱት በ1984 ተገደሉ። የተረፈው የአኛኛ ሁለት ጦር ወደ ካርቱም ዞሮ መሣሪያ ተቀብሎ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገሩ ምልምሎችን ይጠብቅ ጀመር። የሚበዛው ወገን በጎርደን ኮንግ መሪነት ወደ ጋራንግ የተመለሰው ከ1987 ወዲህ ነው።

ይህ የመጀመሪያው ስንጥቅ የጸሐፊውን ሁለተኛ ነጥብ ከወዲሁ ያናጋዋል። ጋራንግን ከተቃወሙት ሁለቱ መሪዎች ጋይ ቱት ኑዌር ሲሆኑ አኩዎት አቴም ግን ዲንካ፣ ያውም የጋራንግ የትውልድ አካባቢ ሰው ነበሩ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። የመጀመሪያዋን ጥይት የተኮሱት ኬሩቢኖ፣ እርሳቸውም ዲንካ፣ በ1987 ታሰሩ፤ በ1988 ደግሞ የቦር አካባቢው ዲንካ አሮክ ቶን አሮክ ተከተሏቸው። ከመጀመሪያው የነፃነት ትግል ጀምሮ ስማቸው የሚታወቀው ጆሴፍ ኦዱሆ ከዲንካም ከኑዌርም ወገን አልነበሩም፤ ከእስር ግን አላመለጡም። ሁሉም ለዓመታት የቆዩት ያለ ፍርድ ነው። ጦሩ የፖለቲካና የጦር ከፍተኛ ዕዝ የሚባል አካል ነበረው፤ አባላቱ ግን በየግንባሩ ተበትነው የሚቀበሉት የሊቀ መንበሩን ትእዛዝ እንጂ ተሰብስበው የሚወስኑት ነገር አልነበራቸውም። ቅሬታ ያለው አዛዥ ቅሬታውን የሚያቀርብበት ሸንጎ አልነበረም፤ ዝም ማለት፣ መታሰር፣ ወይም ጦሩን ይዞ መክዳት ብቻ ነበር ምርጫው።

በ1991 የሆነውን በዚህ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. በጋ ጎንደርንና ጎጃምን አጥቶ በግንቦት ሲወድቅ፣ የጋራንግ ጦር በአንድ ጊዜ የጀርባ ሠፈሩን፣ የመሣሪያ ምንጩንና ራዲዮኑን አጣ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስደተኛ በክረምት ዝናብ ወደ ናስርና ወደ ፖቻላ ተመለሰ፤ የሚበላው አልነበረውም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ድጋፍ ታፍኖ የኖረው ቅሬታ መውጫ ያገኘውም ያኔ ነው። ነሐሴ 28 ቀን የጦሩ አዛዦች ሪክ ማቻር፣ ላም አኮልና ጎርደን ኮንግ ጋራንግን ከሥልጣን አውርደናል ሲሉ ከናስር አወጁ። የከሰሷቸው በአምባገነንነት፣ ሰው ያለ ፍርድ በማሰር፣ በሕፃናት ምልመላና ለደቡቡ ነፃነት ባለመቆም ነበር። ላም አኮል ሺሉክ ከሚባል ሌላ ጎሳ ናቸው። ከጋራንግ ጋር ከቆዩት ከፍተኛ አዛዦች አንዱ ዊልያም ኒዮን ግን ኑዌር ነበሩ፤ የከዱትም ከዓመት በኋላ በመስከረም 1992 ነው። ጸሐፊው ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድም ቃል አለመጻፋቸው የሚያስገርም ነው፤ ለእርሳቸው አሳብ እጅግ የማይመቹ ሰዎች ናቸውና።

ጎሳ ሚና አልነበረውም እያልሁ አይደለም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የናስር ወገን ጦርና አብሮት የዘመተው የኑዌር ወጣት ቦር ላይ የፈጸመው ግድያ አሰቃቂ ነበር፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቹን ቁጥር 2,000 ያህል ብሎ ገምቷል፤ ከብቱ ተነድቶ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አንድ የቦር ዲንካና አንድ ኑዌር ያለ ጥርጣሬ መተያየት አቃታቸው። ነገር ግን ይህ ጥላቻ የክፍፍሉ ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም፤ አዛዦቹ ተዋጊ ለማሰባሰብ ከሁሉ የቀረበላቸውን ገመድ ሳቡ። ጠቡ የጎሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ የናስር ወገን ከተገነጠለ በኋላ እርስ በርሱ በሰላም መኖር ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ1993 እና በ1994 ሉና ጂካኝ የሚባሉት የኑዌር ወገኖች በከባዱ ተዋጉ፤ ሪክ ማቻርና ላም አኮል ተለያዩ፤ ሪክ በ1997 ከካርቱም ጋር ሲፈራረሙ ደግሞ ፓውሊኖ ማቲፕ፣ የኑዌር ተወላጅ፣ በቤንቲዩ ነዳጅ አካባቢ በካርቱም መሣሪያ ወጓቸው። ኬሩቢኖም ከእስር ወጥተው ለካርቱም አድረው የዘረፉት የገዛ ዲንካ ወገኖቻቸውን፣ የባሕር ኤል ጋዛልን ሕዝብ ነው፤ በጥር 1998 ተመልሰው ለጋራንግ በመወገን በዋው ላይ ጥቃት ከፈቱ፣ ዓመት ሳይሞላ ዳግመኛ ከዱ፣ በ1999 ተገደሉ።

የጥንት ጥላቻ የሚባለውን ክርክር ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው በ1999 መጀመሪያ በውንሊት የተደረገው እርቅ ነው። የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ባሰናዳው ጉባኤ የምዕራቡ ወገን የዲንካና የኑዌር ባላባቶች፣ ሴቶችና ሽማግሌዎች ተቀምጠው የበደላቸውን ዝርዝር እየተናዘዙ ታረቁ፤ የግጦሽና የውኃ ቦታ ከፋፈሉ፣ የተጠለፉትንም ለመመለስ ተስማሙ። ሪክ ማቻር ወደ ጋራንግ የተመለሱት ግን በጥር 2002 ነው። ከጥንት የማይዋደድ የተባለው ሕዝብ ሦስት ዓመት ቀድሞ ሲታረቅ አዛዦቹ ገና አልታረቁም ነበር።

ጠብ ለመጫር የጎሳ ልዩነት እንደማያስፈልግ ጎጃሜ ከማንም በላይ ያውቃል። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ቋንቋቸው አንድ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ፣ ጠላታቸውም አንድ ነበር፤ ሳንድፎርድ ጎጃም እንደገባ ከተጠመደባቸው ሥራዎች አንዱ ግን እነዚህን ሁለት አርበኞች ማስታረቅ ነበር። ግዛትና ማዕረግ ለጠብ ይበቃሉ።

መገንጠልን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። አብዛኛው ተራ ተዋጊ የሚሞተው ለደቡብ ነፃነት እንጂ ለካርቱም ተሐድሶ እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ በጥር 2011 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 98.83 በመቶው ለነፃነት ድምፅ መስጠቱም ይህንኑ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ የጋራንግ «አዲስ ሱዳን» ማስመሰያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከኑባ ተራሮች ዩሱፍ ኩዋን፣ ከብሉ ናይል ማሊክ አጋርን የመሰሉ የሰሜን ሰዎች በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይዘው ባልተከተሏቸው ነበር። በመጋቢት 1986 እዚሁ አገራችን ቆቃ ግድብ ላይ ከሰሜን ፓርቲዎች ጋር የተፈረመው መግለጫ ስለ መላው ሱዳን ሕገ መንግሥት እንጂ ስለ ድንበር አልነበረም። ከአሶሳ ማዶ ያለችውን ኩርሙክን በ1987 እና በ1997 የያዘው ጦርም በደቡብ ወሰን ውስጥ አልተዋጋም። ከናስር መግለጫ በኋላ፣ በመስከረም 1991 በቶሪት በተደረገው ስብሰባ ጋራንግ የራስን ዕድል በራስ መወሰንን እንደ አማራጭ ተቀበሉ፤ በ1994 በቹኩዱም የተደረገው የድርጅቱ ጉባኤም ይህን አጸና። አቋማቸው ሁለት ፊት ነበረው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ፊት ሐሰት ነበር ለማለት ግን ኑባንና ብሉ ናይልን ከታሪኩ መሰረዝ ያስፈልጋል። በ2011 ደቡቡ ሲወጣ እነዚህ ሁለት አካባቢዎች ሱዳን ውስጥ ቀርተው ወዲያው ጦርነት ውስጥ መግባታቸው የዚህ ያልተፈታ ነገር ውጤት ነው።

በ2005 ጠቡ አብቅቶ ነበር የሚለውን ለመመለስ ብዙ አያስፈልግም። የሰላም ስምምነቱ ሊፈረም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ2004 መጨረሻ፣ ጋራንግ ምክትላቸውን ሳልቫ ኪርን ሊያነሡ ነው የሚል ወሬ ተሰምቶ ኪር በየይ ጦራቸውን ይዘው ቀሩ፤ አዛዦቹ በሩምቤክ ተሰብስበው ነገሩን አበረዱት። ኪር በዚያ ስብሰባ ያቀረቡት ክስ፣ ድርጅቱ ያለ አካላት በአንድ ሰው ይመራል የሚል ነበር። ጋራንግ ሐምሌ 9 ቀን 2005 የመጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጽመው በሦስት ሳምንት ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞቱ፤ በቦታቸውም ኪር ተተኩ። ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ ራሳቸው ኪር በዚያው ክስ ተከሰሱ። በሐምሌ 2013 ሪክ ማቻርን ከመላው ካቢኔ ጋር አባረሩ፤ በታኅሣሥ 6 ቀን ሪክ፣ ፓጋን አሙምና የጋራንግ ባለቤት ርብቃ ኛንዴንግ በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ፓርቲው ያለ አካላቱ በአንድ ሰው ይመራል አሉ፤ በዚያው ወር በ15 ሌሊት ጁባ ተኩስ ተከፈተ። ከሦስቱ ከሳሾች አንዱ ሺሉክ፣ አንዷ ዲንካ ነበሩ፤ የኪር የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም ደግሞ ኑዌር ነበሩ። ኑዌሮች በጁባ፣ ዲንካዎች በቦር በማንነታቸው የተገደሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ የ1991ዱ ነው።

እንግዲህ የሚቀረው፣ ትግል የሚሠምረው ሥልጣን በአንድ እጅ ሲጠቃለል ነው የሚለው የጸሐፊው መደምደሚያ ነው። ከ1983 እስከ 1991 ድረስ ሥልጣን በጋራንግ እጅ የተጠቃለለውን ያህል በየትኛውም የጦሩ ዘመን አልተጠቃለለም፤ ከሁሉ የከፋው ስንጥቅ የመጣውም በዚያው ዘመን መጨረሻ ነው። ጦሩ እንደገና ያንሠራራው ከቹኩዱም ጉባኤ በኋላ፣ የሲቪሉ አስተዳደር ከጦሩ እንዲለይ ከተወሰነና አዛዦች ቅሬታቸውን በአደባባይ መናገር ከጀመሩ ወዲህ ነው፤ የይንና ሩምቤክን በ1997 መልሶ ያዘ። በእርግጥ ከ1995 አካባቢ ጀምሮ ኡጋንዳ፣ ኤርትራና ኢትዮጵያ በካርቱም ላይ መነሣታቸውም ረድቶታል፤ ሁሉንም ለጉባኤው ልስጥ አልልም። ጸሐፊው ቀጣይ ክፍል እንደሚኖራቸው በጽሑፋቸው ጠቁመዋል። በዚያ ክፍል፣ ኬሩቢኖንና አሮክ ቶንን ያለ ፍርድ ለዓመታት ያቆየው እጅ ከዚያ በላይ እንዴት ሊጠብቅ ይችል እንደነበረ፣ ዊልያም ኒዮንም በ1991 ለምን ከጋራንግ ጋር እንደቆዩ ቢያብራሩልን ክርክሩን እቀጥላለሁ።